የፍቺ ይግባኝ፦ በውርስ ቦታ ላይ የተሠራ ቤት፣ በወንድም ስም ያለ አይሱዙ፣ የ600,000 ብር ወረቀትና የልጆች ቀለብ (ደሴ)

የፒያሳው ራፖር ጸሐፊ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የአንዲት እናት የይግባኝ ማመልከቻ እጄ ላይ ነው። በፍቺው ማንም ቅር ያለው የለም፤ ክርክሩ በክፍፍሉና በቀለቡ ላይ ነው። ፍርዱ በወረዳ ፍርድ ቤት የተነበበው ጥር 12 ነው፣ ዛሬ የካቲት 20።

ጋብቻው በ2002 ዓ.ም. የተፈጸመ ነው። ቧንቧ ውሃ አካባቢ ያለውን ቦታ ባልየው ከጋብቻ በፊት ከአባቱ ወርሶታል፤ ያኔ የነበረው ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ዛሬም ጓሮ ውስጥ አለ፣ ይከራያል። ዋናው የብሎኬት ቤት የተሠራው ግን በ2008 እና በ2009 ነው። ፍርድ ቤቱ «ቦታው የውርስ ስለሆነ ቤቱም የግል ነው» ብሎ እሷን ከቤቱ ባዶ እጇን አስወጥቷታል። በ2012 የተገዛ አይሱዙም አለ፤ ሊብሬው በባልየው ወንድም ስም ስለሆነ «የሦስተኛ ወገን ነው» ተብሎ ታልፏል። ኮምቦልቻ በርበሬ ወንዝ ያለው የሸቀጥ ሱቅ እኩል ይካፈሉ ተብሏል። ባልየው ደግሞ ከዚያው ወንድሙ 600,000 ብር ተበድሬያለሁ የሚል ወረቀት አምጥቶ የጋራ ዕዳ ተብሎለታል፤ 300,000ው እሷ ላይ ወደቀ። ወረቀቱ ላይ የእሷ ፊርማ የለም፤ የተጻፈውም የፍቺ ማመልከቻው ከመግባቱ ሁለት ወር በፊት ነው። ለሁለቱ ልጆች በወር 3,000 ብር ተቆርጧል፤ ለራሷ የጠየቀችው ቀለብ ውድቅ ሆኗል።

የቸገረኝ ይህ ነው፦ የቱን ቅሬታ ላስቀድም? የሲሚንቶና የብረት ደረሰኞች አሁን ተገኝተዋል፤ በይግባኝ ይቀበሉኛል? የራሷን ቀለብ ልግፋበት ወይስ ልተወው? ባልየው ፍርዱን ለማስፈጸም ቢሮጥስ?


ሐረጎ፦

ከቀኑ ልጀምር፤ እሱ ካለፈ የቀረው ሁሉ ዋጋ የለውም። ይግባኝ ፍርዱ በተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ መግባት አለበት (የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 323)። ወራችን ሠላሳ ሠላሳ ስለሆነ ስሌቱ ቀላል ነው፤ ከጥር 12 የተነሳ መጋቢት 12 ይሞላል። እርስዎ ግን መጋቢት 5ን የመጨረሻ ቀን አድርገው ይያዙት፤ ሬጅስትራር አንድ ገጽ ጎደለ ብሎ ቢመልስዎት ማረሚያ ጊዜ ይኖርዎታል።

ብዙ ሰው የሚወድቀው «ግልባጭ ዘገየብኝ» በሚለው ነው። ግልባጩን በቃል ጠይቆ መመላለስ ምንም ማስረጃ አይተውም። በጽሑፍ ይጠይቁ፤ በእጅዎ በሚቀረው ቅጂ ላይ መዝገብ ቤቱ ቀንና ማኅተም ያድርግበት። ቀኑ ቢያልፍ የማስፈቀጃ አቤቱታ የሚቀርበው እንቅፋቱ ከተወገደ በ10 ቀን ውስጥ ነው፤ ያኔ ያቺ ማኅተም ያለባት ቅጂ ታድናለች። «ጠበቃዬ ረሳው» ማለት ግን በቂ ምክንያት እንዳልሆነ ሕጉ በግልጽ ጽፎታል (326)።

ቀጥሎ፣ ይግባኝ ሁለተኛ ሙግት አይደለም። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ምስክር አስጠርቶ እንደገና አይሰማም፤ የሥር መዝገቡን ነው የሚያነበው። ስለዚህ «ፍትሕ ተጓድሎብኛል፣ ልጆቼን ይዤ ሜዳ ላይ ወደቅሁ» የሚል ሁለት ገጽ ከመጻፍ «የከሳሽ 2ኛ ምስክር ቤቱ በ2008 መሠረቱ ሲወጣ አይቻለሁ ያለውን ፍርዱ ሳይመረምር አልፎታል» የሚል አንድ መስመር ይበልጣል። የምስክሩን ቃል ከመዝገቡ ገልብጣችሁ ያዙ። ቁጥር 329 ደግሞ በሥር ያልተነሳ አዲስ ነገር በይግባኝ እንዳይነሳ ይከለክላል።

ስለ ደረሰኞቹ፦ ቁጥር 345 በር አለው፣ ጠባብ ግን ነው። የሥር ፍርድ ቤት ሊቀበለው ሲገባ «አልቀበልም» ያለው ማስረጃ ከሆነ፣ ወይም ይግባኝ ሰሚው ራሱ ለፍርድ ያስፈልገኛል ካለ ይገባል። ስለዚህ መጀመሪያ የሥር መዝገቡን ያገላብጡ። ሴትዮዋ ደረሰኞቹን በማስረጃ ዝርዝሯ ጠቅሳ ነበር? ከሱቁ ወይም ከባንኩ ይቅረብልኝ ብላ ጠይቃ ተከልክላ ነበር? ከሆነ ይህንን ራሱን የቻለ የቅሬታ ነጥብ አድርጉት። ጨርሶ ካልተነሳ ደረሰኙን አያይዛችሁ በ345 አመልክቱ፤ ይግባኙን ግን በእሱ ላይ አታቁሙት።

የመጀመሪያው ቀጠሮ «ያስቀርባል ወይስ አያስቀርብም» የሚባለው ነው። በቁጥር 337 መሠረት ፍርድ ቤቱ መልስ ሰጪውን፣ ማለትም ባልየውን፣ ሳይጠራ መዝገቡን ሊዘጋው ይችላል። በዚያ ቀን የሚታየው የፊተኛው ገጽ ነውና ቤቱን አስቀድሙ፣ ዕዳውን አስከትሉ፣ አይሱዙውን ሦስተኛ፣ ቀለቡን መጨረሻ።


ሸርፍ ተራ፦

ስለ ቤቱ እኔ ልጨምር። የዚህ ፍርድ ስህተት ሁለት ጭብጥን አንድ ማድረጉ ነው። ቦታው ከየት መጣ? ቤቱስ በማን ገንዘብ ተሠራ? የመጀመሪያው መልስ ሁለተኛውን አይመልስም።

እዚህ የሚሠራው የክልሉ የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። ማመልከቻው ላይ የፌዴራሉን 213/1992 አንቀጾች የሚገለብጥ ጸሐፊ አለ፤ ይዘታቸው ቢቀራረብም የሚጠቀሰው የክልሉ ነውና ተጠንቀቁ። መሠረቱ ግን በሁለቱም ያው ነው። በጋብቻ ጊዜ የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብ እንኳ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። የግሌ ነው የሚል ሰው ነው ማስረዳት ያለበት። ባልየው በግል ገንዘቡ ሠራሁት ካለ፣ የትኛው የግል ገንዘብ? ከጋብቻ በፊት የነበረ ቁጠባ? የተሸጠ የውርስ ንብረት? ያም ቢሆን የግል ንብረትን ሸጦ በጋብቻ ጊዜ ያፈሩት ነገር የግል የሚሆነው ፍርድ ቤት ተጠይቆ የግል ነው ሲል ነው። ፍርዱ ይህን ሸክም ገልብጦ እሷ ላይ ጭኖት እንደሆነ አንብቡ፤ ከሆነ ዋናው የሕግ ስህተት እሱ ነው።

ነጥቡን እንዲህ ብትጽፉት ይበቃል፦

«የሥር ፍርድ ቤት ቦታው ከጋብቻ በፊት በውርስ መገኘቱን ብቻ በመያዝ፣ በ2008 እና በ2009 ዓ.ም. ጋብቻው ጸንቶ ባለበት ጊዜ የተገነባውን ቤት የመልስ ሰጪ የግል ሀብት ነው ማለቱ፣ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት የጋራ ነው የሚለውን የሕግ ግምት ወደ ጎን ያደረገና የማስረዳት ሸክሙን ያለ አግባብ ወደ ይግባኝ ባይ ያዞረ ስለሆነ እንዲሻርልኝ።»

ዳኝነቱን በሁለት ደረጃ ጠይቁ። ዋናው፣ ከጭቃ ቤቱ በቀር ያለው ግንባታ የጋራ ነው ተብሎ ግማሹ እንዲወሰን። አማራጩ ከዚያ ያነሰ ነው፤ ቤቱ ለባል ቢጸና እንኳ ለግንባታ ከጋራ ገንዘብ የወጣው ግማሽ እንዲተካላት።

ሒሳቡ በቁጥር ሲታይ እንዲህ ይመጣል። የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ ግቢውን በሙሉ 2,700,000 ብር ገመተው እንበል፤ ከዚህ የጭቃ ቤቱ 200,000 ቢሆን እሱ ለባል ይወጣል። የቀረው 2,500,000 ለሁለት ሲካፈል የእሷ ድርሻ 1,250,000 ብር ነው። ግምቱ ሲሠራ እሷ ወይም ወኪሏ ቦታው ላይ ይገኙ። ከግምት ወረቀት ላይ በተደጋጋሚ የሚጠፉት አጥሩ፣ የግቢው ንጣፍ፣ ሰርቪሱና የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ናቸው፤ ሲደመሩ ቀላል ገንዘብ አይደሉም። ግምቱ በወቅቱ የገበያ ዋጋ ይሁን፤ በ2008 ሲሚንቶ በተገዛበት ዋጋ የተሠራ ግምት ካለ ተቃወሙት።

ቤቱ ለሁለት የማይከፈል ከሆነ በቅድሚያ ስምምነት ይታያል፤ አንዱ ቤቱን ወስዶ ለሌላው ግማሹን በገንዘብ ይከፍላል። ካልተስማሙ በሐራጅ ይሸጣል። የመሐንዲስ ግምት የግንባታውን ዋጋ እንጂ የቦታውን ተፈላጊነት አይዝም፤ የሐራጅ ገዢ ግን ለቧንቧ ውሃ ቦታም ጭምር ነው የሚከፍለው። እዚህ ላይ የባል ወገን ትርፉ የቦታው ነው ይላል። ይህ ክርክር በአፈጻጸም ሰዓት እንዳይነሳ፣ ሽያጭ ቢሆን ገንዘቡ በምን መጠን እንደሚከፈል ፍርዱ ራሱ እንዲናገር አሁኑኑ ጠይቁ።

አንድ ነገር ደግሞ እንዳትረሱ፣ የጭቃ ቤቱ ኪራይ። ቤቱ የግሉ ቢሆንም ጋብቻው ባለበት ጊዜ ከግል ንብረት የተገኘ ገቢ የጋራ ነው። በሥር ጠይቃው ከነበረ ይግባኙ ውስጥ አስገቡት፤ ካልጠየቀች በይግባኝ አዲስ ሆኖ አይገባም።


የቦርከና ማዶ፦

አይሱዙውና ብድሩ የአንድ እጅ ሥራ ይመስላሉ፤ ወንድምየው ለንብረቱ ባለቤት፣ ለዕዳውም አበዳሪ ሆኖ ተቀምጧል። ቢሆንም ዳኛ ጥርጣሬን ብቻ ይዞ አይፈርድምና ለየብቻቸው ያዟቸው።

ብድሩ ይበልጥ ደካማ ነው። ከ500 ብር በላይ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በተሰጠ እምነት ወይም መሐላ ነው (የፍትሐ ብሔር ሕግ 2472)። እዚህ ጽሑፍ አለ፣ ግን የፈረመው ባል ብቻ ነው። ባል «አዎ ተበድሬያለሁ» ማለቱ እሱን ያስገድደዋል፤ በሚስት ላይ ማስረጃ አይሆንም። ዕዳው የጋራ የሚሆነው ለትዳሩ ጥቅም ሲውል ነው፤ ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ገንዘቡ የት ገባ የሚለው ነው። 600,000 ብር በእጅ ተቆጥሮ ተሰጠ? በባንክ ከሆነ የማን ሒሳብ ውስጥ ገባ? በዚያ ሰሞን ሱቁ ውስጥ ዕቃ ገብቶበታል? ቤት ታድሷል? ፍርዱ ከእነዚህ አንዱንም ሳይመረምር «ወረቀት ቀርቧል» ብሎ ዕዳውን ለሁለቱ ካካፈለ፣ ቅሬታው «ለትዳር ጥቅም መዋሉ ጭብጥ ተይዞ ሳይጣራ» የሚል ይሁን። ምስክሮቹ እነማን እንደሆኑም እዩ፤ የጽሑፍ ውል ሁለት ምስክር ያስፈልገዋል።

አይሱዙው ይከብዳል። በሊብሬው ላይ ስሙ ያለው ሰው ባለቤት ተብሎ ይገመታል፤ እሱ ተከራካሪ ባልሆነበት መዝገብ ደግሞ ይግባኝ ሰሚው ከእሱ ነጥቆ ሊሰጥ አይችልም። ስለዚህ መጀመሪያ መዝገቡን እዩ። ወንድምየው በሥር ክርክሩ ውስጥ ገብቶ ነበር? እንዲገባ ጠይቃ ተከልክላለች? ካልገባ የምትጠይቁት «አይሱዙው የጋራ ነው ይባልልኝ» አይሁን፤ «ወንድምየው ተከራካሪ ሆኖ ጭብጡ እንዲጣራ መዝገቡ ወደ ሥር ይመለስ» በሉ። ማስረጃው እነዚህ አካባቢ ይገኛል፦ የግዢው ገንዘብ ከየትኛው የባንክ ሒሳብ ወጣ፣ ኢንሹራንሱን በየዓመቱ ማን ከፈለ፣ ሾፌሩን ማን ቀጠረ፣ የጭነቱን ሒሳብ ማን ይቀበል ነበር። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ የሚጭን መኪና ከሆነ የጭነት ሰነዶቹ ላይ የሚፈርመው ሰው ብዙ ይናገራል። መኪናው ባይገኝም ለግዢው ከጋራ ገንዘብ የወጣው ድርሻዋ እንዲመለስ መጠየቅ ይቻላል፤ ሁለተኛው መንገድ እሱ ነው።

ለሱቁ «እኩል ይካፈሉ» መባሉ ደስ ይላል፤ ግን የምንን እኩል? ቆጠራው በየትኛው ቀን ነው? የፍቺው ማመልከቻ የገባ ዕለት የነበረው ዕቃና ዛሬ መደርደሪያው ላይ የቀረው አንድ አይሆንም። የዕቃ ቆጠራ በሥር ተሠርቶ ከሆነ ፍርዱ በዚያ ቀን ቆጠራ መሠረት እንዲሻሻል ጠይቁ። ካልተሠራ የግዢ ደረሰኞችና የግብር መዝገቡ ቀጣዩ መነሻ ናቸው። በሱቁ ስም የሚጣል እቁብም ካለ የተከፈለው ዙር የጋራ ገንዘብ ነው፤ ከእቁቡ ጸሐፊ ወረቀት ያስወጣል።


ጦሳ ሥር፦

እኔ ግን ሁሉንም ጠይቁ ባይ ነኝ። የራሷ ቀለብ ይቀጥል፣ ለደረሰባት በደል ካሳም ይጨመር፣ የልጆቹ ወደ 10,000 ይውጣ። ብዙ ጠይቆ ግማሹን ማግኘት ይሻላል። እናቲቱ ሥራ የላት፣ ገቢ የላት፤ ሕጉ ዝም ብሎ ያያታል?


የሕግ ረዳት ኮምቦልቻ፦

ወንድሜ ጦሳ ሥር፣ ሐሳብዎ ከቅንነት ነው፤ ግን ፍርድ ቤት እንደ ገበያ አይደለም፣ በማይቆም ነጥብ ሲሞላ የሚቆመውም ነጥብ አብሮ ይደበዝዛል። አንድ በአንድ ልሂድበት።

በሕጋችን ለተፋታ የትዳር ጓደኛ የሚቀጥል ወርሃዊ ቀለብ የለም። ባልና ሚስት እርስ በርስ የመረዳዳት ግዴታ ያለባቸው ጋብቻው እስካለ ድረስ ነው፤ የፍቺው ውሳኔ ሲሰጥ ያበቃል። የፍቺው ክርክር በሚታይበት ጊዜ ግን ፍርድ ቤቱ ስለ ቀለብ፣ ስለ መኖሪያና ስለ ልጆች ጊዜያዊ ትእዛዝ ይሰጣል። ስለዚህ መጣራት ያለበት ይህ ነው፦ ሴትዮዋ ቀለቡን የጠየቀችው ለዚያ ጊዜ ነበር? ከፍቺ ማመልከቻው እስከ ፍቺው ውሳኔ ያለው ጊዜ ሳይወሰንላት ቀርቶ ከሆነ፣ ለእነዚያ ወራት ብቻ ቅሬታ ማቅረብ ይቻላል። ከፍቺ በኋላ ያለውን ግን ተዉት።

ካሳ ሌላ ነገር ነው። ለፍቺው ምክንያት የሆነው አንዱ ወገን ከሆነና ፍትሕ ካስገደደ ፍርድ ቤቱ ለሌላው ካሳ ሊያስከፍል ይችላል። ግን በሥር መጠየቅ ነበረበት፤ ሐረጎ እንዳሉት 329 በሩን ዘግቶታል። ጠይቃ ከተከለከለች ይቀርባል፣ ካልጠየቀች አይቀርብም። ከሙስሊም ቤተሰብ ከሆነችና በኒካሑ (በጋብቻ ውሉ) ወረቀት ላይ ያልተከፈለ መህር፣ ባል ለሚስት የሚሰጠው የጋብቻ ስጦታ፣ ካለም እንደዚያው ነው፤ በሥር የተነሳ መሆኑን እዩ።

አሁን ወደ ልጆቹ። ይህኛው ላይ ነው ልብ መጣል። የቀለብ መጠን የሚለካው በልጁ ፍላጎትና በከፋዩ አቅም ነው። 3,000 አነሰ ማለት ብቻ አይበቃም፤ ወጪው በዝርዝር ይጻፍ፦ የቤት ኪራይ ድርሻ፣ ምግብ፣ የትምህርት ቤት ክፍያና የደንብ ልብስ፣ ትራንስፖርት፣ ሕክምና፤ ለየልጁ ለየብቻ። በሌላ በኩል የእሱ ገቢ፦ የሱቁ፣ የጭቃ ቤቱ ኪራይ፣ ደመወዝ ካለውም የመሥሪያ ቤቱ ማስረጃ። ነጋዴ ገቢውን ዝቅ አድርጎ ማሳወቁ የተለመደ ስለሆነ የግብር ወረቀቱ ብቻውን አይበቃም፤ በዝርዝሩ የሱቁን ኪራይና የሠራተኛ ደመወዝ ጭምር አሳዩ፣ በወር ለሠራተኛ ያን ያህል የሚከፍል ሰው ገቢ የለኝም ማለቱ አያስኬድም። እነዚህ በሥር መዝገብ ውስጥ ካሉ ይግባኙ ይሠራል።

ከፍርዱ በኋላ የመጣ ለውጥ ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ አንዱ ልጅ ቢታመም፣ የትምህርት ቤቱ ክፍያ ቢጨምር ወይም የእሱ ገቢ ቢያድግ፣ መንገዱ ይግባኝ አይደለም። ለዚያው ለወረዳ ፍርድ ቤት ቀለቡ ይሻሻልልኝ የሚል አዲስ ማመልከቻ ይገባል። የቀለብ ውሳኔ ሁኔታ ሲለወጥ የሚለወጥ ነው። ይህን የማያውቁ እናቶች ይግባኝ ቀኑ አልፏል ተብለው በዚያው 3,000 ዓመታት ይቀመጣሉ፤ ያሳዝናል።

ፍርዱን ስታነቡ ሌሎች ክፍተቶችም ታገኛላችሁ። ቀለቡ ከየትኛው ቀን ጀምሮ ነው የሚከፈለው? በየወሩ በስንተኛው ቀን፣ በየትኛው የባንክ ሒሳብ? «በወር 3,000 ይክፈል» ብቻ የሚል ፍርድ አፈጻጸም ላይ ያጨቃጭቃል። እሱ ደመወዝተኛ ከሆነ በቀጥታ ከመሥሪያ ቤቱ እየተቆረጠ እንዲላክ ትእዛዝ ይጠየቅ። ውዝፍ እንዲጠራቀም ደግሞ አትፍቀዱ፤ ቀለብ ለዕለት ኑሮ የሚሰጥ ስለሆነ ሕጉ ለተጠራቀመው አይመችም። አንድ ወር ሲጎድል ወዲያው የአፈጻጸም መዝገብ ይከፈት፤ የሚከፈተውም ፍርዱን በሰጠው ወረዳ ፍርድ ቤት ነው።


ሐረጎ፦

የሕግ ረዳቷ የጻፉትን ካነበብኩ በኋላ የእግዱን ነገር ልጨምር። ይግባኝ ማስገባት ብቻውን አፈጻጸምን አያስቆምም። ለብቻው በቃለ መሐላ የተደገፈ የእግድ አቤቱታ ያስፈልጋል (332 እና 335)፤ ሦስት ነገር ይታያል፦ ካልታገደ ከባድ ጉዳት ይደርሳል ወይ፣ ጠያቂው ሳይዘገይ አመልክቷል ወይ፣ ዋስትናስ ያቀርባል ወይ።

አደራ የምለው «ፍርዱ በሙሉ ይታገድልኝ» ብላችሁ እንዳትጽፉ ነው። ፍርዱ በሙሉ ቢታገድ የልጆቹ 3,000ም የሱቁ ድርሻም አብረው ይቆማሉ፤ እናቲቱን በራሷ ማመልከቻ ታስርቧታላችሁ። እንዲታገድ የሚጠየቀው የ300,000 ብሩ ዕዳ ክፍል ብቻ ነው። ያ ካልታገደ ከሱቁ ድርሻዋ ላይ ይቀነስብኛል ብሎ ይመጣል፤ ወንድምየው ደግሞ ገንዘቡን አንዴ ከተቀበለ ማስመለሱ ሌላ ክስ ነው።

ለቤቱ የሚያስፈልገው ሌላ ዓይነት እግድ ነው፤ ይግባኙ እስኪወሰን እንዳይሸጥ፣ እንዳይለወጥ፣ በዋስትና እንዳይያዝ የሚል። ትእዛዙ ሲሰጥ በዚያው ቀን ደብዳቤውን የመሬት ማኅደሩ ላለበት ቢሮ አድርሱና የገቢ ቁጥሩን ያዙ። ትእዛዙ መዝገቡ ውስጥ ታስሮ ከቀረ ስም ማዛወሩን የሚያቆመው የለም።

እሱም ዝም እንደማይል አስቡ። «ያስቀርባል» ከተባለ በቁጥር 340 መስቀለኛ ይግባኝ ማቅረብ ይችላል፤ ሱቁም የግሌ ነው ሊል ይችላል። ስለዚህ የሱቁን የጋራነት የሚያሳየውን ማስረጃ ከመልስ ቀን በፊት አዘጋጁ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት የሥሩን ፍርድ ካጸናው የሚቀረው ሰበር ነው፤ ሰበር ደግሞ የሚያየው መሠረታዊ የሕግ ስህተትን ብቻ ነው። የቤቱን ነጥብ ከአሁኑ በማስረዳት ሸክም ላይ ያቁሙት የተባለውም ለዚህ ይጠቅማል፤ «ምስክሮቼ አልታመኑልኝም» የሚል ቅሬታ ሰበር ላይ ቦታ የለውም።


ሰኞ ገበያ፦

ባልየው አሁን «ነገሩ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ይታይ» ቢልስ? ሽማግሌም እየተላከ ከሆነ ይግባኙን ያስቆማል?


የሕግ ረዳት ኮምቦልቻ፦

ሸሪዓ ፍርድ ቤት የቤተሰብ ጉዳይ የሚያየው ሁለቱም ወገኖች ሲፈቅዱ ነው፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34(5) መሠረት ይኸው ነው። በመደበኛው ፍርድ ቤት ተከራክረው ፍርድ ያገኙበትን ነገር አንዱ በፈቃዱ ብቻ ወደዚያ ሊወስደው አይችልም። እሷ ካልፈቀደች ይግባኙ በያዘው መንገድ ይሄዳል።

ሽማግሌ ቢመጣ ጥሩ ነው፤ በይግባኝ ላይም መታረቅ ይቻላል። ግን 60 ቀኑ ሽማግሌን አይጠብቅም። ይግባኙን አስገብቶ መደራደር፤ ከተስማሙም በእጅ የተጻፈ ወረቀት ላይ ፊርማ ብቻ አትቀበሉ። ስምምነቱ ለፍርድ ቤቱ ቀርቦ ይጽደቅና መዝገብ ላይ ይስፈር። ያልጸደቀ የሽማግሌ ወረቀት ቀጥታ አይፈጸምም፤ ሰውየው ቢክድ እንደገና ክስ መመሥረት ይመጣል። ስምምነቱ ላይም ቤቱ «በስምምነት ይከፈላል» ተብሎ አይጻፍ፤ ስንት ብር፣ እስከ መቼ፣ ካልተከፈለ ቤቱ እንዲሸጥ ይጻፍ።


የፒያሳው ራፖር ጸሐፊ፦

አላህ ይስጣችሁ፣ እግዜር ይስጣችሁ። መዝገቡን ዛሬ አገላብጬ ነበር። የሥር ማስረጃ ዝርዝሯ ላይ «የግንባታ ዕቃ ደረሰኝ ከሻጩ ይቅረብልኝ» የሚል ቃል አለ፤ ፍርድ ቤቱ ሳይመልስበት አልፎታል። ወንድምየው ግን ተከራካሪ አልነበረም፣ የጠራውም የለም። የቀለቡን ነጥብ ለልጆቹ ብቻ አደርገዋለሁ። የዳኝነት ክፍያ የመክፈል አቅም የላትም፤ ለእሱ ምን ይሻላል?


ሸርፍ ተራ፦

አብሽሩ፣ ያ ቃል መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። ደረሰኞቹን አያይዛችሁ «በሥር ጠይቄ ሳይታዘዝልኝ የቀረ ማስረጃ» ብላችሁ በ345 አቅርቡት፤ ከአዲስ ማስረጃ ይልቅ የታለፈ ማስረጃ ሆኖ ይታያል። የአይሱዙውን ነጥብ ወደ ሥር ይመለስልኝ በሚለው አድርጉት።

ለክፍያው በድኅነት ለመክሰስ የሚፈቅደውን ሥርዓት ተጠቀሙ፤ ይግባኝ ላይም ይሠራል። ከቀበሌዋ የአቅም ማነስ ደብዳቤ፣ ቃለ መሐላ፣ ያላትን ንብረት የሚዘረዝር ማመልከቻ ያስፈልጋል። ሱቁ ላይ የተፈረደላትን ድርሻ አትደብቁ፤ «ተፈርዶልኛል፣ እጄ አልገባም» ብላችሁ ጻፉት። ባልየው ቀርቦ ቢያጋልጠው ፈቃዱ ይነሳል፣ እሷም እምነት ታጣለች። ጠበቃ ካስፈለጋት ፍትሕ ጽሕፈት ቤቱንና የወሎ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት የነፃ ሕግ ድጋፍን ትጠይቅ፤ ስትሄድ የፍርዱን ግልባጭና የማስረጃ ዝርዝሩን አብራ ትያዝ፣ ባዶ እጅ ከሄደች ይመልሷታል።

የቀበሌውን ደብዳቤ ነገ ጠዋት ይጀምሩት። ከሁሉም የሚዘገየው እሱ ነው፤ መጋቢት 5 ሲደርስ የይግባኙን ማመልከቻ ደብዳቤ እየጠበቀ ጠረጴዛዎ ላይ እንዳያገኙት።